ለድመት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ለሚስት ሽማግሌ ይልካል። ከወንድሙ ሲጣላ ይልካል። ከሥራ ሲባረር አለቃው ቤት ሽማግሌ የላከም አውቃለሁ፤ አለቃው ፈረንጅ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ለሥራ ቅጥር የመጡ መስለውት ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው። ለድመት ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ከእኔ በፊት ካለ እባካችሁ አገናኙኝ። ብቻዬን መሆኔ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩ የጀመረው ከልጄ ከሊያ ጋር ነው። ጊዜው ሞባይል ስልክ ሁሉ ገና የሚታጠፍ የነበረበት ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ረጅም አፓርታማ ውስጥ ነበር። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ አልማዝ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ሊያ ደግሞ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር። በአማርኛ ስትጠይቋት በእንግሊዝኛ የምትመልስ፣ በአማርኛ ስትቆጧት በእንግሊዝኛ የምታኮርፍ ልጅ ነበረች። ኩርፊያ ቋንቋ የለውም የምትሉ ካላችሁ ልጅ አላሳደጋችሁም ማለት ነው።

አንድ ቀን እልህ ያዘኝ። "ከዛሬ ጀምረሽ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ እኔ ባለሁበት አማርኛ ብቻ ከተናገርሽ የፈለግሽውን እገዛልሻለሁ" አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁለት ቀን በላይ ትዘልቃለች ብዬ አላሰብኩም። አባት እንዲህ ያለ ቃል የሚገባው ልጁ እንደማትችል ሲያውቅ ብቻ ነው።

"ኤኒቲንግ?" አለችኝ።

"ማንኛውንም በይ።"

"ማንኛውንም?"

"ማንኛውንም" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል።

ሄዳ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን አንድ የድመት መጽሐፍ ይዛ መጣችና ገለጠችልኝ። ቀጠን ያለች፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ጸጉሯ አጭር፣ መልኳ የአንበሳ ግልገል የመሰለ ድመት ከገጹ ላይ ሆና ታየኛለች። ስሟን አነበብኩ። አቢሲኒያን! ሳቄ መጣ። የሀበሻ ድመት! እኔ ባደግሁበት ሰፈር ድመት ተፈልጎ አያውቅም። ራሷ መጥታ አልጋ ስር ትወልድና ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለእናንተ ታሳያችኋለች። ይሄማ ምን ይቸግራል አልኩ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ሊያ ግን ዘለቀች። ምን ልበላችሁ፣ ያች ልጅ ከማን እንደወጣች እንጃ። ቃሉ ሲጠፋት እንግሊዝኛውን ከመተንፈስ ዙሪያውን ትዞራለች። ማጠቢያ ማሽኑ "ልብስ የሚያዞረው ሳጥን" ሆነ፤ የቤት ሥራዋ "ማታ የሚሠራ ትምህርት" ሆነ። አንድ ቀን ጣቷ በታክሲዬ በር መሀል ገባ። አፏ "አ" ብሎ ሲከፈት፣ አሁን አበቃላት፣ በእንግሊዝኛ ልትጮህ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ "ዋይ እናቴን!" አለች። ጣቷን እያሸሁላት ልቤ ቁርጡን አወቀ። ድመቷን መግዛት አለብኝ።

ትምህርት ተዘጋ፣ ቀኑም ደረሰ። ሊያ ሳሎን መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። "ቃሌን ጠብቄያለሁ። አሁን ያንተ ተራ ነው። ካላመጣህልኝ ሁለተኛ አማርኛ አልናገርም" አለችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ያስፈራኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ አልዋሽም፣ ለማጭበርበር ሞከርኩ። ጋሽ በላይ አናንዴል ውስጥ አንዲት ትንሽ የሀበሻ ሱቅ አላቸው። ከሱቃቸው ጓሮ ቡላ መልክ ያለው አንድ ድመት ነበርና በካርቶን አድርጌ አመጣሁት። ሊያ መጽሐፏን ከፈተች። ጆሮውን አየች፣ ጭራውን ለካች፣ ከዚያ ከጀርባው አንዲት ጸጉር ነቅላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋቻት።

"የእውነተኛዋ እያንዳንዱ ጸጉር ሁለት ሦስት ቀለም አለው። ከስር ፈዛዛ፣ ከላይ ጠቆር ያለ። ይሄ አንድ ቀለም ነው" አለች። "ይሄ ድመት ነው። የሀበሻ ግን አይደለም።"

አገሬን በሥዕል ብቻ የምታውቅ ልጅ የሀበሻነት መርማሪ ሆና ተሾመችብኝ። ድመቱን ወደ አናንዴል መለስኩ። ጋሽ በላይ በዚህ በጣም ተከፉ፤ "የኔ ድመት ምን ጎደለው? ሽሮው መሀል ተኝቶ ያደገ ነው!" አሉኝ።

ከዚያ ጋዜጣ ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። የአሜሪካዋ አሌክሳንድርያ ውስጥ ይህን ዘር ብቻ የምታረባ አንዲት ሴትዮ አለች። ደወልኩ። እኔ ስንት ነው ብዬ ልጠይቅ ተዘጋጅቻለሁ፤ ጠያቂዋ ግን እሷ ሆነች። መስኮታችሁ ወንፊት አለው? በረንዳ አላችሁ? ስንተኛ ፎቅ ነው? ሥራህ ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ትወጣለህ? ለአሜሪካ ቪዛ ስጠየቅ እንኳ እንዲህ አላላበኝም። ከዚያ ድመቷ የት ነው የምትተኛው ስትለኝ አመለጠኝ፤ ሳቅሁ። እኔ ራሴ የት እንደምተኛ በቅጡ በማላውቅበት ሰዓት የድመት መኝታ! ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና "የኔ ልጆች ለእናንተ ቤት የሚስማሙ አይመስለኝም" ብላ ዘጋችው።

ስልኩን ይዤ ቀረሁ። ድመት ተከለከልኩ! ለአልማዝ ስነግራት ከትከት ብላ ሳቀች።

"ድመት ከለከሉህ? እኔን እንኳ በሁለተኛው ቀጠሮ ነው የሰጡህ" አለችኝ።

እሷ ልትቀልድ ነው። እኔ ግን ብድግ አልኩ። እውነት ነው እኮ! የአልማዝ አባትም መጀመሪያ አይሆንም ብለው ነበር። ታዲያ ያኔ ምን አደረግሁ? ተስፋ ቆረጥኩ? ሽማግሌ ላክሁ እንጂ!

"የት ልትሄድ ነው?" አለችኝ አልማዝ።

"ጋሽ ወልዴ ጋ።"

ሳቋን አቆመች። "ኸረ በማርያም!" ብላ ተከተለችኝ፤ እኔ ግን ደረጃው ላይ ደርሻለሁ።

ጋሽ ወልዴን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ስንት የተፋታ ሊባል የደረሰ ትዳር መልሰው አጋጥመዋል። እንግሊዝኛቸው ከሐኪምና ከባንክ አያልፍም፤ አማርኛቸው ግን ድንጋይ ያስታርቃል። ጉዳዬን ሳልናገር ገና ፊቴን አይተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ሽማግሌ ፈልጌ ነው፣ ጋሼ።"

"መልካም። ልጂቱ ማን ናት?"

"ድመት ናት፣ ጋሼ።"

ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ። ከዚያ "ቤተሰቧስ?" አሉኝ።

ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው። የሊያን ቃል፣ የጣቷን ነገር፣ የጸጉሩን ምርመራ፣ የስልኩን ውርደት። እስኪያልቅ አንዴም አልሳቁም። ሲያልቅ "ትልቅ ሰው ቃልህን ብታጥፍበት ያማሃል፣ ከዚያ ይረሳል። ልጅ አይረሳም። ድመቷን ሳይሆን ልጂቱን ነው የምንሄድላት" አሉና ከዘራቸውን አነሱ። በዚያች ሰዓት እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ሽማግሌ ሦስት ነው መሆን ያለበት። ሁለተኛው ጋሽ በላይ ሆኑ፤ የእሳቸው ድመት ተንቆ ሌላዋ የተፈለገችው ምን ቢኖራት ነው ብለው በዓይናቸው ሊያዩ ነው የመጡት። ሦስተኛ አንድ ቄስ ለምነን "ለድመት መስቀል አልይዝም" አሉን። ጋሽ ወልዴ ትንሽ አሰቡና ወደ እኔ ዞሩ። "አስተርጓሚም ያስፈልገናል። ሦስተኛው አንተ ነህ" አሉ።

"እኔ እኮ ሙሽራው ነኝ፣ ጋሼ!"

"ሴትዮዋ ድምጽህን እንጂ መልክህን አታውቅም። ጎርነን አድርገህ ተናገር።"

በዚህ ሁኔታ ለራሴ የተላክሁ ሽማግሌ ሆንኩ። ለሴትዮዋ ድምጼን አጎርንኜ ደወልኩና አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች ድመቶቿን ሊጎበኙ እንደሚፈልጉ ነገርኳት። ከአረጋውያን መጦሪያ የምንመጣ ሳይመስላት አልቀረም፤ ደስ አላትና እሑድ ኑ አለች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሽማግሌዎቼን ነጭ በነጭ እንደለበሱ ታክሲዬ ውስጥ አስገባኋቸው። ሊያም ካልመጣሁ ብላ ከኋላ ተቀመጠች። በዚያን ዘመን ወደ አሌክሳንድርያ የሚያሻግረው ትልቁ ድልድይ ይሠራ ነበርና መኪናው ሁሉ ቆሟል። ጋሽ በላይ ቆጣሪው ጠፍቶ እንደሆነ አንገታቸውን አስግገው አረጋገጡ። ስንደርስ ሊያን መኪናው ውስጥ ተቀመጪ፣ ጨርሰን እንጠራሻለን አልናት።

ሴትዮዋ በሩን ከፈተች። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን፣ ሸምገል ያለች ሴት ናት። ነጭ ለባሾቹንና ከዘራዎቹን ስታይ ለጊዜው በሩን ይዛ ቀረች። ከዚያ አስገባችንና ተቀመጡ አለች።

አልተቀመጥንም። በእኛ ወግ፣ ታውቃላችሁ፣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ተቀመጡ አለች፣ ቆምን። እባካችሁ አለች፣ ቆምን። ወንበር እየጎተተች ከጉልበታችን ኋላ ብታስጠጋም ቆምን። ወገባችንን ያመመን መስሏት ትራስ ፍለጋ ሄደች።

ስትመለስ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ከእግዚአብሔር ሰላምታ ተነሥተው፣ በጉርብትና በኩል አልፈው፣ ሰው ለሰው መድኃኒቱ መሆኑን አስረድተው፣ በመጨረሻ "ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ጠንተናል" ብለው አሳረጉ። ያማረ ንግግር ነበር፤ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ድመት ፈልገው ነው" ብዬ ተረጎምኩ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አደረገች። "ያ ሁሉ ይሄ ብቻ ነው?"

"አሳጥሬው ነው።"

ለማን ነው ስትል ጋሽ ወልዴ እኔን ያመሰግኑ ጀመር። ታታሪ፣ ጨዋ፣ የሰው ገንዘብ የማይነካ፣ ለትዳሩ ታማኝ። እኔም ድምጼን አጎርንኜ ራሴን በሦስተኛ ሰው አመሰግናለሁ። ጋሽ በላይ ከጎን "ትንሽ ግልፍተኛ ነው እንጂ" አሉ። እሱን አልተረጎምኩም።

"ታክሲ ነጂው ነው አይደል?" አለች ሴትዮዋ። "ድመቷ የት ትተኛለች ብዬ ስጠይቀው የሳቀብኝ?"

ለጋሽ ወልዴ ነገርኳቸው። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና "ልጃችን ስቆ ነበር?" አሉኝ።

"ሳያውቅ ነው፣ ጋሼ። ተጸጽቷል።"

"እንመክረዋለን ብለህ ንገራት።"

ይህ ሁሉ ሲሆን ድመቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ያንን ዘር ላላያችሁ ልንገራችሁ፤ ድመት ሲባል ከምታውቁት ጋር አታምታቱት። ጭን ላይ ተኝቶ የሚያንኮራፋ አይነት አይደለም። አንዱ መጋረጃውን ይዞ ጣራ ደርሷል። አንዷ መሳቢያ በእጇ ከፍታ የውስጡን ዕቃ አንድ በአንድ ትመረምራለች። ሦስተኛው ደግሞ በጋሽ በላይ ጋቢ ሽቅብ ወጥቶ ባርኔጣቸው ላይ ጉብ አለ። ጋሽ በላይ ከድንጋጤ ብዛት ትንፋሻቸውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። ሴትዮዋ ተደነቀች፤ "ሰውየው ድመት ያውቃሉ፣ አልተንቀሳቀሱም" አለች። ለእሳቸው ስተረጉም "አውርዱልኝ" አሉ፣ ከንፈራቸውን ሳያነቃንቁ።

ፊቷ ፈታ አለ። ከፍታ እንደሚወዱ፣ ሰው የሚሠራውን ሁሉ ካላዩ እንደማይሆንላቸው፣ ቧንቧ ሲከፈት እየሮጡ መጥተው ውሃውን እንደሚነኩ አጫወተችን። ድምጻቸው ትንሽ ነው፤ የሚያወሩት በዓይን ነው አለች። አንድ ነገር ግን አይችሉም፤ ብቸኝነት። ብቻቸውን ሲተዉ ጸጉራቸው እስኪደበዝዝ ድረስ ያዝናሉ።

ጋሽ ወልዴ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚሉ ሰው ናቸውና "ዘሯን እንጠይቅ" አሉ። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ጭራሽ አበራች። ግድግዳው ላይ የአያት የቅድመ አያት ፎቶ፣ በየሽልማቱ ሪባን ታጅቦ፣ ተሰቅሏል። ጣቷን ዘርግታ ከወንዱም ከሴቷም በኩል ትቆጥር ጀመር። ጋሽ ወልዴ በጣታቸው አብረው ይቆጥራሉ። ራሳቸውን እየነቀነቁ "ይች ሴት ባለ አገር ናት" አሉኝ። ድንገት ጣታቸው ቆመ።

"ቆይ፣ ያ ባለ ቀዩ ሪባን በአባቷም በኩል ቅድመ አያት ነው፣ በእናቷም በኩል ቅድመ አያት ነው?"

ጠየቅኋት። አዎ አለች፣ በኩራት።

"ሰባት ቤት ሳይሞላ!" ጋሽ ወልዴ አማተቡ። "የአጎት የአክስት ልጅ ነው ያጋቡት!"

ምን አሉ አለችኝ። "ዘሩ የጠራ ነው አሉ" አልኳት።

"የሁሉም መጀመሪያስ ከየት ነው?" አሉ ጋሽ በላይ፣ ድመቱ አሁንም አናታቸው ላይ እንዳለ። ሴትዮዋ የምታውቀውን ተናገረች። ሲወርድ ሲወራረድ የመጣው ወሬ እንዲህ ነው፤ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ አንድ መኮንን ዙላ የተባለች ድመት ይዞ ሄደ፣ ከዚያም ዘሩ እንግሊዝ አገር በዛ ይባላል።

ይህን ባልተረጎምኩት! ጋሽ በላይ ድመቱን ረሱት። ከዘራቸውን ምንጣፉ ላይ ደቅ አደረጉ።

"ከመቅደላ? ታዲያ የተዘረፈ ንብረት ነው እንጂ! ለዘረፋ ሽማግሌ ይላካል እንዴ? ይመለስልን በላት! መጻሕፍቱና ጽላቱም የት እንደደረሱ ጠይቃት!"

"ጋሽ በላይ፣ እሷ እኮ የአሌክሳንድርያ ሰው ናት።"

"ጠይቃት ነው የምልህ!"

ሴትዮዋ ሰውየው ለምን እንደተቆጡ ጠየቀችኝ። ማምለጫ ስላጣሁ እውነቱን ነገርኳት። ብትቆጣ አይፈረድባትም ነበር። እሷ ግን በጥሞና አሰበችና፣ ለነገሩ ወሬው እርግጠኛ አይደለም፣ የዘር ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች ከህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ድመቶች ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል ይላሉ፣ ስሙ የወጣለት ምናልባት መጀመሪያ ለውድድር ያሳዩት ሰዎች ከዚያ መጣ ስላሉ ብቻ ነው አለች።

"ህንድ?" ጋሽ በላይ ክው አሉ። ከመዘረፉ ይልቅ አለመዘረፉ አናደዳቸው። "እንግዲያ ስማችንን በምን ሥልጣን ያዙት?"

እዚህ ላይ ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አነሱ። "በላይ፣ ተው። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ የት ተወለደች? እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ። ምን እንላታለን? ሀበሻ። እንግዲህ ለእሷ የፈቀድነውን ለድመቷ ለምን እንከለክላለን?" አሉ። ጋሽ በላይ ከዘራቸውን ከምንጣፉ ላይ አነሱ። አስታራቂ ማለት እንዲህ ነው፤ ከህንድና ከመቅደላ መካከል እርቅ አወረዱ።

ሴትዮዋ ወደ ዋናው ጉዳይ ተመለሰች። "አንድ ጥያቄ ብቻ። በቀን እቤት ማን አለ?"

"ቤቱ ሰው ሞልቶበታል" አሉ ጋሽ ወልዴ ሳያስቡ። ሽማግሌ ለሙሽራ ትንሽ ይጨምራል፤ ነውር አይደለም። እኔም እንዳለ ተረጎምኩት።

በዚህ መሀል ሊያ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሽንቷ መጥቶ ነው። ግን መጋረጃው ላይ ያለውን፣ መሳቢያው ውስጥ ያለችውን፣ ባርኔጣው ላይ ያለውን ስታይ ሽንቷንም ረሳችው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ "የኔ ቆንጆ፣ ድመት ትወጃለሽ?" አለቻት።

ሊያ ወደ እኔ ዞረች። "አባዬ፣ አንተ ባለህበት በእንግሊዝኛ አልመልስም። ድመቷ እስክትገባ ውላችን አላለቀም። ንገራት።"

ሴትዮዋ ልጂቱንና እኔን አየችን። አፍንጫችን አንድ ነው፤ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። "አንተ ነህ። የሳቅኸው አንተ ነህ" አለችኝ። ድምጼ በአንዴ ቀጠነ። ጋሽ ወልዴ "ተገለጠ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያለኝ ምርጫ መናገር ብቻ ነበር። ውላችንን፣ የልጄን ጽናት፣ ካላመጣሁ ሁለተኛ በቋንቋዬ እንደማታናግረኝ ሁሉንም ነገርኳት። ክንዷን አጣምራ ሰማችኝ። ከዚያ "ትልልቆቹን ጠይቄያለሁ። አሁን ልጂቱን ልጠይቅ። በቀን እቤት ማን አለ?" አለች።

ሊያ ጥያቄውን ከማንኛችንም በላይ ተረድታለች። ግን ለእኔ፣ በአማርኛ መለሰች።

"ጠዋት አባዬና እማዬ ሥራ ይሄዳሉ። ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ማንም የለም። በሩን እቆልፋለሁ። ከዚያ ሰው ያለ እንዲመስል የቴሌቪዥኑን ድምጽ ከፍ አደርገዋለሁ። እማዬ ስትመጣ እቀንሰዋለሁ።"

አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልነበረበትም። ቴሌቪዥን ካልቆጠራችሁት። ከልጄ አፍ እንዲያ የጠራ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም፤ እንዲያ የከበደኝም የለም። ሥራ ላይ ሆኜ ስለ እሷ ሳስብ የማያት የቤት ሥራ ስትሠራ ነበር። ቴሌቪዥን እያስጮኸች በር በር ስታይ አንድ ቀን አላሰብኳትም። ለማን ነው ይህን ያህል የምነዳው? ለእሷ እኮ ነው።

ሴትዮዋ ትርጉሙን ትጠብቃለች።

"ቤታችን ድምጽ አይጠፋበትም አለች" አልኩ።

"አባዬ፣ እንደሱ አላልኩም" አለች ሊያ። "ሰው የለም ነው ያልኩት።"

ቃል በቃል ተረጎምኩት። የቴሌቪዥኑንም።

ጋሽ ወልዴ ከኋላቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ጉዳዩ ሳይፈጸም ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ በላይም ተቀመጡ፣ ድመቱም አብሯቸው ወረደ። ሴትዮዋ ወደ ወጥ ቤት ገብታ ለሁላችንም ውሃ ይዛ ተመለሰች።

"ይህን ዘር ከሰዓቱን ሙሉ ብቻውን ለሚቀርበት ቤት አልሰጥም" አለች። ሊያ አንገቷን ደፋች። "አንድ አልሰጥም። ሁለት እሰጣለሁ፣ ወንድምና እህት። ልጂቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን አንተ እቤት ትሆናለህ። እደውላለሁ። ስልኩን አንተ ካላነሣህ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"

ለጋሽ ወልዴ ተረጎምኩላቸው። "ዋሶቹ እኛ ነን በላት" አሉ፣ እኔን ሳያዩ። ሴትዮዋ ወረቀት አምጥታ እንድፈርም ሰጠችኝ። "ሰማንያው ነው" አሉ ጋሽ በላይ ለጋሽ ወልዴ። ፈረምኩ። ለገዛ ልጄ ማንም ያላስፈረመኝን፣ ለድመት ብዬ ፈረምኩ። ዋጋቸውን አትጠይቁኝ፤ ይህን አልማዝ ታነበዋለች።

ስንወጣ ጋሽ በላይ የድመቶቹን ሳጥን ተሸክመው ነበር። "ሁለቱን መልሳለች። የቀረውን ቀስ ብለን እንጠይቃለን" አሉ። መኪናው ተነሥቶ ሁለተኛው መብራት ላይ ስንደርስ ሊያ ከኋላ "ታንክ ዩ፣ ዳድ" አለችኝ። ውሉ አልቋል፤ መብቷ ነው። እንደ ሰው ደስ አለኝ፣ እንደ አባት ሆዴ ባባ።

ሺፍቴን ቀየርኩ። የማታውን የኤርፖርት ሥራ ትቼ ጎህ ሳይቀድ መውጣት ጀመርኩ። ጓደኞቼ ለምን ሲሉኝ ለድመት ነው እላቸዋለሁ፤ ያዝኑልኛል። ሴትዮዋ ቃሏን ጠብቃ ደወለች፣ እኔም አነሣሁ። መደወሏን ከተወች በኋላም እቤት መዋሌን አልተውኩም። ድመቶቹ በበኩላቸው የማይከፍቱት ቁምሳጥን የለም። ገላዬን ስታጠብ መጋረጃው ላይ ተቀምጠው ሥራዬን ይቆጣጠራሉ። አልማዝ መጀመሪያ ከእኔና ከድመቶቹ ምረጪ ብትባል እንደምትቸገር ነገረችኝ፤ አሁን ግን አትቸገርም፣ መርጣለች።

ሊያ ክረምቱን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስታወራኝ ከረመች። ምንም አላልኳት። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ ቃሏን ጠብቃለች፤ ሌላ ውል የመግባት ወኔውም አልነበረኝም። ትምህርት በተከፈተ ሰሞን አንድ ከሰዓት በሩ ተከፈተ። ቦርሳዋን ወረወረች፣ ጫማዋን አወለቀች። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጫለሁ፤ ድመቶቹ ፍሪጁ አናት ላይ ሆነው እሷን ያያሉ።

"አባዬ፣ በልተዋል?" አለችኝ።

"በልተዋል።"

እጇን ልትታጠብ ቧንቧውን ከፈተችና ድመቶቹ እየዘለሉ ወረዱ። በእነሱ መሀል ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተስ?"

"አልበላሁም" አልኳት። "አንቺን እየጠበቅሁ ነው።"